በስምንት ድምፅ የተሸነፈው ሰውዬ መንገድ

ጃንዋሪ 3 ቀን 2012 ማታ አዮዋ ነበርኩ። (ቀኑንም ዓመቱንም እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።) ያኔ ትራክ እነዳ ነበር። ዎልኮት የምትባል ከተማ ዳር፣ አዮዋ 80 የሚሉት ትልቅ የትራክ ማረፊያ ቆሜ፣ ሕጉ የሚያስገድደኝን የአሥር ሰዓት ዕረፍት እየጨረስኩ ነው። ሪፐብሊካኖች የፕሬዚዳንት ዕጩአቸውን መምረጥ የጀመሩበት ማታ ስለሆነ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ስሞች ከላይ ከታች ይላሉ። ሚት ሮምኒ፣ ሪክ ሳንቶረም። ሮምኒን አውቀዋለሁ። ሌላውን አላውቀውም። አጠገቤ የተቀመጠ ሽማግሌ ሾፌር "ይሄ እኮ ካውንቲውን ሁሉ በፒካፕ የዞረው ነው" አለኝ። (ካውንቲ ወረዳ እንደማለት ነው።) ቆጠራው ሳያልቅ እንቅልፍ ጣለኝ። ጠዋት ስነሳ ሮምኒ በስምንት ድምፅ አሸነፈ ተባለ።

ይቺን ታሪክ ለዓመታት ቡና ላይ ሳወራት ኖሬያለሁ። በቅርቡ ለባለቤቴ አጎት አወራኋት። ጋሼ ነው የምላቸው። ሰባን አልፈዋል። ዋሽንግተን ውስጥ 22 ዓመት ፓርኪንግ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ አሁን ሥራቸው ዜና ማየት ነው። "ስምንት ሰው?" አሉኝ። "ስምንት ሰው እኮ የእኛ ዕድር ኮሚቴ ነው!" ከዚያ ዝም አሉ። ቆይተው "ቦታውን አሳየኝ" አሉ።

ትራኩን ከተውኩ ቆይቷል። ጥቅምት ላይ የአንድ ሳምንት ዕረፍት ነበረኝ። ባለቤቴ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልን። ለጋሼ ደግሞ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን በቀን በቀን ለይታ አስቀመጠች።

ሰኞ

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ሳይነጋ ወጣን። አንድ ነገር መጀመሪያ መናገር አለብኝ። ሳንቶረም ፔንሲልቬንያን ወክሎ ሴናተር የነበረ ቢሆንም፣ በዚያ ዘመን ቤቱ ከእኔ ቤት ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ቦታ ነበር፤ ግሬት ፎልስ፣ ቨርጂኒያ። ቨርጂኒያ ደግሞ ያኔ ለፓርቲው ምርጫ ለመቅረብ 10,000 ፊርማ ትጠይቅ ነበር። አላሟላም። ማርች 2012 ላይ የቨርጂኒያ ሪፐብሊካኖች ወረቀቱን ሲያዩ ያገኙት ሁለት ስም ብቻ ነው፤ ሮምኒና ሮን ፖል። ሰውየው በገዛ ሰፈሩ ለራሱ ድምፅ መስጠት አይችልም ነበር።

ጋሼ ሳቁ። "ሩቅ አገር ሲዞር ቤቱን ረሳ" አሉ።

ጉዞውን ከመጨረሻው ነው የጀመርነው። በሩት 15 ሽቅብ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጌቲስበርግ ነን። ፈረንጅ የሚመጣው ለ1863ቱ ጦርነት ነው። መድፉን፣ ሐውልቱን፣ ሊንከን የተናገረበትን መካነ መቃብር ለማየት። እኛ አደባባዩ ላይ ቆመን ቡና ጠጣን። ሳንቶረም ኤፕሪል 10 ቀን 2012 "በቃኝ" ያለው እዚህ ከተማ ነው። የፔንሲልቬንያ ምርጫ ሊደረግ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። አሥራ አንድ ስቴት አሸንፏል፤ ግን በፓርቲው ጉባኤ ድምፅ የሚሰጡለት ተወካዮች ቁጥር አልሞላም፣ ብሩም አልቋል። ትንሿ ልጁ ደግሞ ትራይሶሚ 18 የሚባል ከባድ የክሮሞሶም ሕመም አለባት። በዚያው የፋሲካ ሰሞን ሆስፒታል ገብታ ነበር። በፔንሲልቬንያ ቢሸነፍ ውርደት ይሆንበት ነበር የሚሉም አሉ። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። አባት የሆነ ሰው አይፈርድበትም።

ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ተራራውን ወጣን። የፔንሲልቬንያ ተርንፓይክ ክፍያ ድሮም ያናድደኝ ነበር፤ አሁንም ያናድደኛል። ማታ ሶመርሴት ደረስን።

ሶመርሴት የድንጋይ ከሰል አገር ናት። በ2002 ኪውክሪክ ማዕድን ውስጥ ውኃ ዘግቶባቸው የነበሩት ዘጠኝ ሠራተኞች በሕይወት የወጡት እዚሁ ካውንቲ ነው። የሳንቶረም አያት ከጣሊያን ተሰድዶ መጥቶ ከሰል የቆፈረው በዚህ አካባቢ ነው። ሳንቶረም ዕጩነቱን ሲያውጅ፣ ጁን 6 ቀን 2011፣ ለዚህ ነው ሶመርሴትን የመረጠው። ንግግሩን ያደረገበት፣ ጉልላት ያለው ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ጋሼን ፎቶ አነሳኋቸው።

ያን ጊዜ ማንም ከቁጥር አላስገባውም። ለምን መሰላችሁ? በ2006 የሴኔት ወንበሩን ሲያጣ በ17 ነጥብ ነው የተቀጣው። በሴኔቱ ሪፐብሊካኖች ዘንድ በማዕረግ ሦስተኛው ሰው ነበር፤ የኢራቅ ጦርነት ሕዝቡን ያስመረረበት ዓመት ሆነና ጠረገው። ከአምስት ዓመት በኋላ ያው ሰው ፕሬዚዳንት እሆናለሁ ብሎ ብቅ ሲል ምን ይባላል? አበደ ነው የሚባለው።

ማታ ሞቴል ውስጥ የአዮዋውን ምሽት ንግግሩን በስልኬ ከፍቼ ለጋሼ ተረጎምኩላቸው። ስለ አያቱ ቀብር ይናገራል። ሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ሲንበረከክ ዓይኑ የገጠመው የአያቱን እጅ ነው። ትልልቅ እጆች። ነፃነትን የቆፈሩልኝ እነዚህ እጆች ናቸው ይላል። ጋሼ የራሳቸውን እጅ አገላብጠው አዩ። "ይሄ ሰው ጥሩ ተናጋሪ ነው" አሉ። ትንሽ ቆይተው "ስለ ቤተሰብስ ምን ይላል?" ብለው ጠየቁ። ፅንስ ማስወረድን አጥብቆ ይቃወማል፤ ጋብቻ የወንድና የሴት ነው ይላል፤ ሰባት ልጆች አሉት፤ ካቶሊክ ነው አልኳቸው።

"ታዲያ ምን አጠፋ?"

የእኛ አገር ሰው እንዲህ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሪፐብሊካን ነው፣ ምርጫ ጣቢያ ሲደርስ ዴሞክራት ይሆናል። ጋሼም ሁለት ጊዜ ኦባማን መርጠዋል። ይህን ላነሳባቸው ነበር፤ ግን መብራቱን አጠፉት።

ማክሰኞ

መንገድ ብቻ። ኦሃዮን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠን ኢንዲያና ገብተን አደርን። ትራክ ስነዳ ኦሃዮ ማለቂያ የላትም ነበር፤ በትንሽ መኪናም የላትም።

ስለ ኦሃዮ አንድ ነገር ብቻ። ማርች 6 ቀን 2012 ሮምኒ እዚህ ሳንቶረምን ያሸነፈው ከአንድ በመቶ ባነሰ ልዩነት ነው። ቢያሸንፍስ ኖሮ? በሦስት የኮንግረስ ወረዳዎች የተወካዮቹን ስም ዝርዝር ጭራሽ አላስገባም ነበር። ቨርጂኒያ ፊርማ፣ ኦሃዮ ስም ዝርዝር። የድሃ ዘመቻ የሚጎዳው እንዲህ ባለው የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። ሮምኒ በ2011 ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል። ሳንቶረም ያገኘው 2 ሚሊዮን ገደማ ነው። ወረቀቱን ተከታትሎ የሚሞላለት ሰው ከየት ያምጣ?

ጋሼ ከቶሊዶ እስከ ኢንዲያና ድንበር ተኙ።

ረቡዕ

ጾም ነው። ቁርስ ቆሎ።

ከሰዓት በፊት ሚሲሲፒን ተሻገርን። ጋሼ መኪናውን አስቁመው ወንዙን ማየት ፈለጉ፤ ድልድይ ላይ አይቆምም ብዬ ለመንኳቸው። ጥቂት ደቂቃ እንደነዳን ዎልኮት። አዮዋ 80 እንዳለ ነው። የዓለም ትልቁ የትራክ ማረፊያ ነኝ ይላል፤ ጉራ ብቻ አይደለም። ጥርስ ሐኪም አለ፣ ፀጉር አስተካካይ አለ፣ ሲኒማ አለ። ጋሼ "ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የጎደለው" አሉ። ያኔ የተቀመጥኩበትን ቦታ ፈለግሁ። ወንበሩ ተቀይሯል መሰለኝ። ወይም እኔ ረስቼዋለሁ።

ከዚህ እስከ ደሞይን ድረስ በግራም በቀኝም በቆሎ ነው። የአጨዳ ወቅት ስለሆነ ኮምባይነሮቹ አቧራ እያስነሱ ይሠራሉ። እየነዳሁ ኮከስ ምን እንደሆነ ለጋሼ አስረዳኋቸው። ሪፐብሊካኖቹ ዘንድ ቀላል ነው። በክረምት ብርድ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰዉ ትምህርት ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን ይሰበሰባል። የየዕጩው ደጋፊ ተነስቶ ትንሽ ይናገራል። ከዚያ ቁራጭ ወረቀት ይታደላል። ስም ጽፈህ ትጥላለህ። እዚያው ይቆጠራል። የታተመ የድምፅ ወረቀት የለ፣ መንግሥት የሚያስፈጽመው ምርጫ የለ፤ የፓርቲው ስብሰባ ነው።

"ልክ እንደ ዕድር" አሉ ጋሼ።

ልክ እንደ ዕድር። ለዚህም ነው ብር የሌለው ሰው ተስፋ የሚያደርግበት። ብዙ ሺህ ሰው አዳራሽ ሙላ አትባልም። ብርድና ሥራ ሳይበግረው ማታ ከቤቱ ወጥቶ የሚመጣልህ ሰው ነው የሚያስፈልግህ። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ እጅህን የጨበጠ ሰው ነው።

አዮዋ 99 ካውንቲ አላት። ሳንቶረም በ2011 ሁሉንም አዳረሰ። አውቶቡስ የለ፣ አጃቢ የለ። ቸክ ላውድነር የሚባል የአገሩ የፓርቲ ሰው በራሱ ፒካፕ ያዞረዋል። ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ሰው አሥር አይሞላም። እጅ የሌለው ሹራብ ለብሶ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ጥያቄ ይመልሳል። ኦገስት ላይ ኤምስ በተደረገው የሙከራ ምርጫ አራተኛ ወጣ። በየጥናቱ አንድ እጅ ጣት በማይሞላ በመቶ ላይ ተቸክሎ ከረመ።

በዚያ ዓመት ሪፐብሊካኖቹ ሮምኒን አልወደዱትም፣ ሌላ ሰው ፈለጉ። መጀመሪያ ሚሼል ባክማንን አነሱ፤ ጣሏት። ሪክ ፔሪን አነሱ፤ ክርክር ላይ ቃል ጠፋበት፣ ጣሉት። ኸርማን ኬንን አነሱ፤ ጣሉት። ኒውት ጊንግሪችን አነሱ፤ ማስታወቂያ ወረደበት፣ እሱም ወደቀ። ገና ሲደርስ ሰልፉ ላይ የቀረ አንድ ሰው ነበር። ወረፋው ደረሰው። እግሩ ነው ያሸነፈለት የሚለው ታሪክ ደስ ይላል፤ ግን ወረፋውን መርሳት የለብንም። ፊት ፊት ቢል ኖሮ እሱንም ከሌሎቹ ጋር ይጥሉት ነበር ባይ ነኝ።

ደሞይን ስንደርስ መሽቷል። አንድ የድሮ የትራክ ጓደኛዬ እዚህ ቤት ገዝቶ ይኖራል። ባለቤቱ የጾም በያይነቱ ሠርታ ጠበቀችን። ጋሼ ከቆሎ በኋላ ሽሮ ሲያዩ ፊታቸው ላይ የታየውን ደስታ መጻፍ አልችልም።

ሐሙስ

ዛሬ የመጣንበትን ጉዳይ ያየንበት ቀን ነው።

ጠዋት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ያህል ነድተን ሞልተን ገባን። ሚዙሪ ድንበር አጠገብ ያለች፣ 600 ያህል ሰው የሚኖርባት መንደር ናት። እህል ማከማቻ፣ ፖስታ ቤት፣ ሰፊ ባዶ መንገድ። ጋሼ "እዚህ ምን አለ?" አሉ።

እዚህማ ሃያ ድምፅ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮምኒ አሸነፈ የተባለው 30,015 ለ30,007 ነው። በነጋታው ግን በሞልተን ኮከስ ላይ የነበረ አንድ ሰው ለቴሌቪዥን ቀርቦ ተናገረ። እሱ ራሱ የሮን ፖል ደጋፊ ነው፤ ለሳንቶረም የሚያዳላበት ምክንያት የለውም። ማታ ሲቆጠር ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ይዞ ነበር። በእኛ ጣቢያ ሮምኒ ያገኘው ሁለት ድምፅ ነው፣ የፓርቲው ድረ ገጽ ላይ ግን ሃያ ሁለት ይላል አለ። ልብ በሉ፤ መላው ልዩነት ስምንት ነው። በአንዲት መንደር ብቻ ሃያ ድምፅ ተጨምሯል። ተንኮል ላይሆን ይችላል፤ በድካም የተጻፈ አንድ ተጨማሪ 2 ይበቃል።

ጋሼ ዋናው መንገድ ላይ ቆመው ዙሪያውን አዩ። አንዲት ሴትዮ ከፖስታ ቤት ወጥታ ሰላም አለችን። ጠፍተን መስሏት ነው መሰለኝ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀችን። ጋሼ በሚችሉት እንግሊዝኛ "ምርጫ ለማየት መጥተን ነው" አሏት። ሴትዮዋ ሳቀች። "ዘግይታችኋል" አለች።

እውነቷን ነው። ሌሎችም ዘግይተዋል። 1,774ቱ ጣቢያዎች የተፈረመ ቅጽ እንዲልኩ ተደርጎ ፓርቲው ድጋሚ እስኪያጣራ አሥራ ስድስት ቀን ወሰደ። ጃንዋሪ 19 ውጤቱ ወጣ፤ ሳንቶረም 29,839፣ ሮምኒ 29,805። ሳንቶረም በ34 ድምፅ ይመራል። የስምንት ጣቢያዎች ቅጽ ደግሞ ጭራሽ ጠፍቷል፤ ዛሬም ድረስ አልተገኘም። ፓርቲው መጀመሪያ አሸናፊውን በስም መጥራት ፈርቶ ተግደረደረ። በነጋታው ማታ ሳንቶረም ነው አለ። ከጥቂት ቀን በኋላ የስቴቱ ፓርቲ ሊቀመንበር ሥራውን ለቀቀ።

ወደ ደሞይን ስንመለስ ጋሼ ይህን ሲያብላሉ ቆዩ። "ጠፋብን ብለው አመኑ?" አሉ። አዎ። "ስምንት ጣቢያ ጠፋብን ብለው በአደባባይ ተናገሩ?" አዎ። "እኛ አገር ቢሆን..." አሉና ሳይጨርሱት በመስኮት በቆሎውን ማየት ጀመሩ።

እኔ ግን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በእነዚያ አሥራ ስድስት ቀናት ውስጥ ምን ሆነ? ሮምኒ የአዮዋ አሸናፊ ተብሎ ኒው ሃምፕሸር ገባ፤ ጃንዋሪ 10 እዚያም አሸነፈ። ሁለቱን በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሪፐብሊካን ነው፣ ነገሩ አለቀ ተባለ፤ ፕሬዚዳንት ሆነው የሚወዳደሩትን ሳንቆጥር ማለት ነው። ሳንቶረም ኒው ሃምፕሸር ውስጥ አሥር በመቶ እንኳ አላገኘም። እውነቱ ሲወጣ ሳውዝ ካሮላይና ልትመርጥ ሁለት ቀን ቀርቷታል፤ እዚያ ደግሞ ጊንግሪች ወሰደው። አዮዋ የምትሰጠው ሽልማት ብዙ ተወካይ አይደለም። ሽልማቱ ወሬው ነው። አንድ ማታ፣ አንድ ጠዋት፣ ስምህ በጋዜጣው ፊት ገጽ። ያንን ጠዋት ለሌላ ሰው ሰጡበት።

ተወካዮቹስ? ይሄ ደግሞ ጉድ ነው። ያኔ ኮከሱ ላይ የሚጻፈው ስም ተወካዮቹን አያስገድድም ነበር። ተወካዮች የሚመረጡት በኋላ በሚደረጉ ስብሰባዎች ነው። የሮን ፖል ደጋፊዎች ሁሉም ሰው ቤቱ ከገባ በኋላ ቁጭ ብለው ስብሰባውን ያዙት። በበጋው ታምፓ በተደረገው ጉባኤ ከአዮዋ 28 ተወካዮች 22ቱ ድምፃቸውን የሰጡት ለሮን ፖል ነው፤ ሦስተኛ ለወጣው። አንደኛው ሁለተኛ ተባለ፣ ሁለተኛው አንደኛ ተባለ፣ ሦስተኛው ወሰደው። ይህን ለጋሼ ሦስት ጊዜ ነው ያስረዳሁት።

ማታ ጆንስተን ወጣን፤ የደሞይን ዳርቻ ናት። ሳንቶረም ያን ሌሊት ንግግር ያደረገው እዚያ ባለ ሆቴል ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ቃሉ "ጨዋታው ተጀመረ" የሚል ነበር። ሆቴሉ መደበኛ ሆቴል ነው። መኪና ማቆሚያው ላይ አምስት ደቂቃ ቆምን። ብርድ ስለነበር ጋሼ አልወረዱም።

ዓርብ

እንደገና ጾም። እንደገና ቆሎ።

ከደሞይን በምዕራብ ወጥተን ሩት 71ን ይዘን ሽቅብ ስንል ሃምሊን የምትባል አለች። መንደር ማለትም ይከብዳል፤ መስቀለኛ መንገድ ናት። እዚህ የመጣነው ለ2012 ሳይሆን ለሁለተኛው ሙከራ ነው። ሳንቶረም ለ2016 እንደገና ተወዳደረ። ያው ሰው፣ ያው ዘዴ፣ እንደገና ካውንቲዎቹን ዞረ። ጁን 2015 ሃምሊን ባለው ምግብ ቤት ስብሰባ ጠራ። ሰዓቱ ሲደርስ አንዲት ሴት ብቻ መጣች። ቀስ በቀስ አራት ሞሉ። ባለፈው ጊዜ አዮዋን ያሸነፈ ሰው!

ምግብ ቤቱ በአሳማ ሥጋ ጥብሱ የታወቀ ነው። አዮዋ ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አለ፤ አሳማው ከ20 ሚሊዮን ይበልጣል። ይህን የነገርኳቸው ከበሩ ፊት ነው፤ ጋሼ አማትበው ወደ መኪናው ተመለሱ። ዓርብ ነው፣ አሳማ ነው፣ ጉዳዩ አለቀ።

በ2016 ኮከስ ሳንቶረም ያገኘው አንድ በመቶ ነው። ሁለት ቀን ቆይቶ ወጣ። ፒካፑን ይነዳለት የነበረው ላውድነርስ? በዚያ ዓመት የዶናልድ ትራምፕ የአዮዋ ዘመቻ ኃላፊ ሆኖ ነበር። ሾፌሩ ከተሳፋሪው በፊት መንገዱ ወዴት እንደሚታጠፍ አየ። ሹራብ ለብሶ አንድ ሰዓት ጥያቄ የሚመልስ ሰው የሚፈለግበት ጊዜ አልፎ ነበር። በ2012 ሳንቶረም ስለ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ስለተረሱ ከተሞች ይናገር ነበር፤ ትራምፕ ያንኑ ነገር ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በአውሮፕላን እየመጣ ተናገረው።

ማታ ኦሬንጅ ሲቲ ገባን። ሆላንዶች የቆረቆሯት፣ ንጹሕ፣ ዝም ያለች ከተማ ናት። የፒዛ ራንች ዋና መሥሪያ ቤት እዚህ ነው። የፒዛና የተጠበሰ ዶሮ ቡፌ ነው፤ የመጀመሪያው ቤት የተከፈተው በ1981 እዚሁ አጠገብ ሃል በምትባል ከተማ ነው። ባለቤቶቹ ሃይማኖተኞች ናቸው። አብዛኛው ቅርንጫፍ የስብሰባ ክፍል አለው፤ ለዕጩ በነፃ የተገኘ አዳራሽ ማለት ነው። ሳንቶረም ስንት ፒዛ ራንች እንደገባ እግዜር ይቁጠረው።

ጋሼ ቡፌውን ሦስት ጊዜ ዞሩት። ዶሮ፣ ቺዝ፣ ቺዝ ያለበት ዶሮ። በመጨረሻ ሰላጣ፣ በቆሎና ድንች ይዘው መጡ። ጠረጴዛ የምታጸዳዋ ልጅ "ምግቡ አልተስማማቸውም እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። ጾም ላይ ናቸው አልኳት። "ካቶሊክ ናቸው?" አለች። ኦርቶዶክስ፣ ከኢትዮጵያ አልኳት። ሄዳ ከኩሽና ቺዝ ያልነካው፣ ቲማቲምና ቃሪያ ብቻ ያለበት ፒዛ አሠርታ አመጣችላቸው። ጋሼ መረቋት፤ በአማርኛ፣ ረጅም ምርቃት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ቆማ ሰማቻቸው።

"እዚህ አገር ሰው እግዜርን ያውቃል" አሉኝ መኪና ውስጥ። "ያ ሰውዬ እዚህ ቢወደድ አይገርምም።"

ቅዳሜ

ሱ ሲቲ ከዚያ አንድ ሰዓት አይሞላም። ሚዙሪ ወንዝ ላይ ናት፤ ማዶው ነብራስካ ነው።

ይህን ቀን ሳስብበት ነው የሰነበትኩት። ልዝለለው ወይስ ልንገራቸው? ወንዙ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነገርኳቸው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2012፣ ኮከሱ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሳንቶረም እዚህ ከተማ ጥያቄ ሲመልስ ወሬው ወደ መንግሥት ድጎማ ሄደ። በሌላ ሰው ገንዘብ የጥቁሮችን ኑሮ ማሻሻል አልፈልግም፣ ሠርተው የራሳቸውን እንዲያገኙ ነው የምፈልገው የሚል መልስ ሰጠ። ቪዲዮ አለ። በኋላ "ጥቁር አላልኩም፣ ምላሴ ተደናቅፎ ነው" አለ። እኔ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የሰማሁትን ሰምቻለሁ። ጥያቄው ስለ ጥቁሮች አልነበረም። ከተሰበሰበው ሰው ውስጥም ጥቁር ስንት እንደነበር መገመት አያቅትም።

ጋሼ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

"በማን ገንዘብ?" አሉ በመጨረሻ።

መልስ አልሰጠሁም። ሃያ ሁለት ዓመት፣ ሌሊት፣ ከመሬት በታች፣ የመኪና ጭስ ሲተነፍሱ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ድጎማ አልወሰዱም። እጃቸውን እንደ ሰኞ ማታው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ኪሳቸው ከተቱት።

"የአያቱ ነገር ግን እውነት ነው" አሉ። "እሱን አልወስድበትም።"

ስልካቸው ጮኸ። አዲስ አበባ ያለችው እህታቸው፣ ማለትም አማቴ ናት። እዚያ ማምሻው ነው። ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ርቀቱን በጩኸት የሚያሳጥሩት ይመስል ማውራት ጀመሩ። ደኅና ነን፣ ብርዱ ጠንክሯል፣ ቆሎው አላለቀም።

"የት ነው ያላችሁት?" ትላለች።

"አዮዋ! ያ በስምንት ድምፅ የተሸነፈው ሰውዬ ያለበት!"

"ጋሼ፣ በሠላሳ አራት አሸንፏል እኮ" አልኳቸው ቀስ ብዬ።

በእጃቸው ዝም በል አሉኝ። "ቆይ ልጄ፣ ስልክ ላይ ነኝ።"